ሠላሳ ሦስቱ ቀን

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ
ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሩታ፤

ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። አንቺ፣ አልአዛርና ትንሹ ዮፍታሄ እንደምን ሰነበታችሁ? ዮፍታሄ «አባባ» ያለበትን ድምፅ እናትሽ በቀን አሥር ጊዜ ታስከፍተኛለች። እኔ በበኩሌ የሚያለቅስ ነው የሚመስለኝ፤ እሷ ግን እኔን መጥራቱ ነው ብላ ወስናለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተስማምቻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ሞክሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣ መወደድ፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ ዮዲት ዶሮዎች አውርቼ ዘጋሁት። ልናገረው የፈለግሁት ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ድምፅሽን ስሰማ ይመለሳል። ስለዚህ ጻፍኩት። የዮዲት ልጅ ክብሩ ነገ ወደ ደርባን ስለሚመለስ በእጁ ይሰጥሻል። ፖስታውን በሙጫ ካሸግሁት በኋላ በፕላስተር እደግመዋለሁ፤ ክብሩን ሳይሆን እናቱን ፈርቼ ነው።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልጁንም ለአልአዛር ስጪው።

የመጀመሪያውን ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ጥር 21 የእናትሽ ቀኝ እግር ይቆረጣል፤ ከዳሌዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ቁስሉ መግል መያዙን አልተወም፣ ከዚህ በላይ ከቆየ መርዙ ወደ ደሟ ገብቶ እሷን ራሷን ይወስዳታል ብለዋል። ይህን በስልክ ስነግርሽ ያለቀስሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከልቅሶው ይልቅ ግን ከዚያ በኋላ የተናገርሽው ነው የያዘኝ። «ጨረር እንደወሰደች እየተነገራቸው እንዴት እንደ ማንኛውም ሰው አጥንት ብረት ገጥመው ይልኳታል? እኔ ዝም አልልም!» አልሽ። እውነትም ዝም አላልሽም።

ለሆስፒታሉ የጻፍሽው አቤቱታ ደርሷል። አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው፣ ድሮም ጽሕፈት ያንቺ ነው። መሀሉ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ሐኪሙ ታካሚዋ የጨረር ሕክምና መውሰዷ ተነግሮት ሳለ…»። እዚያ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

ሩታ፣ አልተነገረውም። ተነግሮታል ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።

አቤቱታሽን ይዞልኝ የመጣው ራሱ ዶክተር ደሳለኝ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ መጣ። አይተሽው ስለማታውቂ ልንገርሽ፤ ገና ሠላሳ አምስት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። እናትሽን ሁለት ጊዜ ቀዶ ያከማት እሱ ነው። ነርሶቹ በሌሉበት ቀን ቁስሏን በገዛ እጁ ጠርጎላት ያውቃል። አሁን በአቤቱታሽ የተነሣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቀዶ ሕክምና እንዳይሠራ ታግዷል። እናትሽ የውስጠኛው ክፍል ተኝታ ነበር፤ እሱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሌላ ወንበር ባዶ ስላልነበረ።

«አባባ፣ ለወቀሳ አልመጣሁም» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ፋይሉን ስገልጥ ስዘጋ ነው የሰነበትኩት። ‹ቀድሞ የነበረ ሕመም› በሚለው ፊት ለፊት ‹የለም› ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የዚያን ቀን ብዙ ሰው ነበር ያየሁት፣ ደክሞኝ ነበር። ሳልጠይቅዎት ጽፌው ይሆን እንዴ? እባክዎን አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠይቄዎታለሁ?»

ልብ አድርጊ ልጄ። እኔን አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው ራሱን ነው። ያ ሰው ለሳምንታት የገዛ ትዝታውን ሲመረምር ከርሞ፣ ያላጠፋውን ጥፋት ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «አልጠየቅኸኝም» ብለው ኖሮ አምኖኝ ይሄድ ነበር።

«ጠይቀኸኛል» አልኩት። «በደንብ ነው የጠየቅኸኝ። ‹ከዚህ በፊት የታመመችው፣ የታከመችው ነገር አለ?› ነው ያልከው። የለም ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ውሃ ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ከዚያ «ለምን?» አለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለእሱ ያልመለስኩለትን ለአንቺ ልመልስልሽ፤ ከመሠረቱ ልጀምር፣ አንቺ የምታውቂውንም ጭምር። እኔ እንደማውቀው ነግሬሽ አላውቅምና።

በ2011 የእናትሽ ጭን ላይ የወጣው እጢ ተቆርጦ ሲወጣ ካንሰር ነው ተባለ፤ አዲስ አበባ ጨረር ታዘዘላት። ሠላሳ ሦስት ቀን። እኔ ያኔ የእግር ኳስ ክለቡ ወጌሻ ነበርኩ፤ የውድድር ወቅት ነው፣ ልጆቹን ጥዬ አልሄድም አልኩና ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ አልኩ። ትምህርትሽን አቋርጠሽ የተከተልሻት አንቺ ነሽ። ንጋት ላይ ወረፋ የምትይዢው አንቺ ነበርሽ። መሣሪያው ተበላሽቶ ዘጠኝ ቀን ስትጠብቁ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈሽ ተኛሽ። ሊፍቱ የቆመ ዕለት አዝለሻት ደረጃ ወረድሽ። ጭኗ ተቃጥሎ ቆዳው ሲላጥ፣ ቀሚሷ እንዳይፈትጋት የራስሽን ነጠላ ቀደሽ ጠመጠምሽላት። እናትሽ አንድ በአንድ ነግራኛለች። አንቺ ግን አንድም ቀን አንስተሽው አታውቂም።

ከዚያ ዳነች። ኅዳር 2012 ፓስተሩ «ምስክርነት አላችሁ አሉ» ብሎ ወደ መድረክ ጠራን። ሁሉንም ልናገር ነበር የወጣሁት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ማይኩን ይዤ «ካንሰር ነው አሉን፣ አዲስ አበባ ላኩን፣ ዛሬ ግን ይኸው በሁለት እግሯ ቆማለች!» አልኩና ወደ እናትሽ ጠቆምኩ። እንዴት እንደዳነች ልቀጥል ትንፋሽ ስወስድ እልልታው ቀደመኝ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ኪቦርዱ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ፓስተሩ አቀፈኝ፣ የማላውቃቸው እናቶች እግሬ ላይ ወደቁ። ሁሉም ጋብ ሲል «ቆዩ እንጂ፣ ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረርም አለ» ማለት የሰርግ ጭፈራ ማስቆም ሆነብኝ። ማይኩን መለስኩ።

ሌላ ጊዜ እጨምረዋለሁ አልኩ። ሌላ ጊዜ ሌላ አጥቢያ ጠራን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የሚጠብቁት ያንኑ የሰሙትን ነው። ሐይቅ ዳር ሰፈር ሄድን፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር ሄድን፣ ይርጋለም ድረስ ሄድን። በሦስተኛው ጊዜ ጨረሩን የማስገባበት ቦታ ጠፋኝ። በአምስተኛው ጊዜ እኔም ራሴ አመንኩት። ሜዳ ላይ የሚያስመስለውን ተጫዋች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ጨብጬ የማውቅ ሰው፣ የራሴን ማስመሰል አላወቅሁትም።

አንቺ የመጀመሪያው ቀን ከመዘምራኑ ጋር ቆመሽ ነበር፣ እናትሽ በሰፋችው ሰማያዊ ጋውን። አይቼሻለሁ። ሁሉም እጁን ሲያነሣ አንቺ እጅሽን አላነሣሽም። ቤት ስንገባ «አባዬ፣ ሠላሳ ሦስቱ ቀን የት ገባ?» አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «የጌታን ሥራ ከማሽን ጋር አታካፍዪ» አልኩሽ። ጋውኑን አጣጥፈሽ አልጋው ላይ አስቀመጥሽው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዘመርሽም። በዓመቱ አልአዛር ሽማግሌ ላከና ሄድሽ። አልአዛር መልካም ሰው ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ያን ያህል የራቅሽው ለእሱ ብለሽ ብቻ እንዳልሆነ ሁልጊዜም አውቅ ነበር።

አሁን ወደ ስብራቱ ልምጣ። ጥቅምት 2017 እናትሽ ለገና የመዘምራን ጋውን ስትሰፋ ውላ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች፤ አልተደናቀፈች፣ አልወደቀች። ጭኗ እንደ ደረቅ ሸንኮራ ቀጭ ሲል ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። ሮጬ ገብቼ ያዝኳት። ሩታ፣ እጄ ያን ጊዜውኑ ያውቅ ነበር። የጭን አጥንት ከወንበር በመነሣት አይሰበርም፤ በመኪና አደጋ እንኳ ለመሰበር የሚያስቸግር አጥንት ነው። የተሰበረውም ጨረሩ ባረፈበት ቦታ፣ ትክክል በመሀሉ ነበር። እጄ ነገረኝ፣ እኔ አልሰማሁትም።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ደሳለኝ ያን ጥያቄ ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ ደም ግፊቷን የሚለካው ነርስ በረከት ነበር። በረከትን ታስታውሺዋለሽ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የኳየራችን ልጅ። ምስክርነቴን ሦስት ጊዜ አጅቦታል። እናትሽ እኔን አየችኝ፤ ልትናገር ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። እኔም በረከትን አየሁ። «የለም» አልኩ። እሷ አፏን ዘጋች። ዶክተሩ ጻፈ። ይህ ሁሉ የፈጀው ጊዜ ጫማ ለማሰር ከሚፈጀው አይበልጥም።

ለራሴ ምክንያት አበጅቼለት ነበር። ጨረር ማለት እንደ ፀሐይ ነው፣ ከወጡበት ወጡ፤ አምስት ዓመት ያለፈው ነገር ከዛሬ ስብራት ጋር ምን አገናኘው አልኩ። አጥንት ያስታውሳል ብዬ አላሰብኩም። ያን ምሽት ደውለሽ ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝ «ጨረሩን ነግራችኋቸዋል?» ብለሽ ነው። «ነግረናል፣ አንቺ ደግሞ አትጨነቂ» አልኩሽ። እንዲያውም ሳቅሁብሽ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ብረት ገጠሙላት። አጥንት ሲጠግን ከተወሰነ ሳምንት በኋላ ስብራቱ ላይ ጠንከር ያለ ቋጠሮ ከጣት ሥር ይመጣል፤ ስንቱን ሰው በዚያ ቋጠሮ «በርታ፣ ይዟል» ብዬ ከአልጋ አስነሥቻለሁ። እናትሽ ከስታ ስለነበር ለመዳሰስ አያስቸግርም። በየቀኑ ጣቴን አሳርፋለሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር፣ ምንም። መጋቢት ላይ ዶክተር ደሳለኝ ከዳሌዋ አጥንት ፍቆ ስብራቱ ላይ ጨመረላት። እሱም ሟሟና ጠፋ። ስኳር ይሆናል ብለው ስኳሯን ለኩ፤ ቲቢ ይሆናል ብለው አክታዋን ላኩ። ያ ሰው መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ ለመምህሮቹ ሲደውል፣ «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ሲል እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው፤ ቃሉ እኔ ዘንድ ነበር። ግን አንዴ «የለም» ካልኩ በኋላ በየሳምንቱ እውነቱ እየከበደ ሄደ። ክረምት ላይ ቁስሉ ተከፈተ፤ ያ የተቃጠለ ቆዳ ሁለተኛ አልገጠመም። መግል መጣ።

መስከረም ላይ ዶክተር ሊያ የምትባል ሐኪም ከሌላ ከተማ ተዛውራ መጣች። ቁስሉን በአልኮል ስትጠርግ እጇ ቆመ። ጭኗ ላይ ያሉትን ሦስት ሰማያዊ ነጠብጣቦች ታስታውሻቸዋለሽ፣ ጨረሩ እንዳይስት በመርፌ የነቀሷትን። ሌሎቹ ሁሉ ማርያም የሳመችው ነው ብለው አልፈውት ነበር።

«እማማ፣ ይህቺን ንቅሳት ማን ነቀሰልዎት?» አለቻት።

እናትሽ አላየችኝም በዚህ ጊዜ። «ጨረር የሚሰጡት ናቸው» አለች። «ሠላሳ ሦስት ቀን።» ከአፏ ሲወጣ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተር ሊያ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች። ጨረር እጢውን ሲገድል አጥንቱን የሚያጠጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም አብሮ ያደርቃል፣ አዲስ አጥንት የሚሠሩትንም ይገድላል አለችኝ። አጥንቱ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን የሚጠግንበት አቅም የለውም፤ ዓመት ቢያልፍም አይመለስም። እንዲህ ያለ አጥንት ላይ ብረት ብቻ ማሰር ሁለት ደረቅ እንጨት አስሮ እስኪገጥም እንደመጠበቅ ነው አለች። «ከመጀመሪያው ቢታወቅ ኖሮስ?» አልኳት። እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም፣ ግን የራሱ ደም ሥር ያለው አጥንት ከሌላ ቦታ ተወስዶ የሚተከልበት፣ ካልሆነም ሙሉውን አጥንት አውጥቶ በሰው ሠራሽ የሚተካበት መንገድ ነበር፤ ወደሚሠራበት ቦታ እንልካት ነበር አለች። አሁን ግን መግሉ ሁሉንም መንገድ ዘግቷል።

ከዚያ «ለመጀመሪያው ሐኪም ለምን አልነገሩትም?» አለችኝ።

እኔ አባትሽ፣ እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ «አልጠየቀንም» አልኩ።

ይኸው፣ ይህንንም አወቅሽ። ደሳለኝን የገደልኩት በዚህ ነው። የእኔ «አልጠየቀንም» ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ ያንቺ «ተነግሮት ሳለ» በላዩ መጣ፤ ሰውየው ከሁለቱ መሀል ተቀርቅሮ ራሱን መጠርጠር ጀመረ።

ቅዳሜ እሱ ከሄደ በኋላ እናትሽ ከውስጥ ጠራችኝ። ሁሉን ሰምታለች። «ሊያን ‹አልጠየቀንም› ብለሃታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ያኔ እኔም አፍ ነበረኝ ታምሩ። አንተ ብቻ አይደለህም» አለች። ጥፋቱን ልትካፈለኝ ትፈልጋለች፤ አመሏን ታውቂዋለሽ። አንቺ ግን አትፍቀጂላት። እሷ ዝም ያለችው እኔ ተናግሬ ስለነበር ነው።

ትናንት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማይኩን ልለምን ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ቆምኩ፤ ዘማሪዎቹ ያንቺን ዓይነት ሰማያዊ ጋውን ለብሰው ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይህንንም የምነግርሽ ጀግና ሆኗል ብለሽ እንዳታስቢ ነው።

ረቡዕ ግን ጉዳዩን የሚያጣራው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። የሆነውን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ ዶክተር ሊያ ተቀብላኛለች። አንቺም አቤቱታውን በእጅሽ ሰርዢው፤ «አባቴ ዋሽቶኝ ነው» ብለሽ ጻፊ፣ ሌላ ለስለስ ያለ ቃል አትፈልጊልኝ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ገና ስላላለቀ መምጣት እንደማትችዪ አውቃለሁ፣ ነዪ እያልኩሽ አይደለም። እናትሽን ግን ደውዪላት። እኔን ባታናግሪኝ አልቀየምም፣ ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ እወጣለሁ።

እሷ ከእኔ ትበረታለች። ለሐሙስ ምን እያደረገች እንደሆነ ልንገርሽ። ሆስፒታሉ የተቆረጠውን እግር ለቤተሰብ ነው የሚሰጠው፤ ወስዶ መቅበር የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ስትሰማ ከጋውኖቹ ገበር የተረፈውን ነጭ ጨርቅ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። መኪናዋን መርገጥ ስለማትችል በእጇ ነው የምትሰፋው። እግሯ የሚገባበት ረዘም ያለ ከረጢት ነው፣ ጠርዙን አጥፋ፣ ማሰሪያ አበጅታለታለች። «ልክ መውሰድ እንኳ አላስቸገረኝም» ትለኛለች። ዮዲት መጥታ አይታ ስታለቅስ «ምን ያስለቅስሻል? ቀድሞኝ ሄዶ ቦታ ይያዝልኝ» ብላ አሳቀቻት። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ትናንት ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ሐሳቤን ነገርኳት። ሐሙስ ሲመሻሽ፣ ሰው ከመንገድ ሲቀንስ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ፤ ጠባቂውን አናግሬዋለሁ፣ ጥግ ላይ ይቆፍርልኛል፤ ቶሎ አፈር አልብሼ እመለሳለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይሰማ፣ ምን ሆነ፣ እንዴት ሆነ የሚል ሳይመጣ፣ አንቺም ሳትሳቀቂ አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ያኔ ሐኪሙ ፊት እንዳየችኝ አይደለም።

«በቀን ቅበረው» አለችኝ። «ሰው ይይ፣ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅህ። አንዴ ደብቀኸዋል።»

ስለዚህ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጩን ከረጢት በሁለት እጄ ታቅፌ በመናኸሪያው በር በኩል በእግሬ እሄዳለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሠላሳ ሦስተኛው እነግረዋለሁ፤ ደረጃውን አዝላት የወረደችው ልጇ ሩታ ናት እላለሁ።

አምላክ አንቺንና ቤትሽን ይጠብቅ። የዘረጋሽው እጅ አይታጠፍ። ዮፍታሄ አንቺ ለእናትሽ በሆንሽው ልክ ይሁንልሽ። የዘጋሁትን ድምፅሽን ጌታ አንድ ቀን ይክፈተው፤ እኔ ባልሰማውም።

አባትሽ
ታምሩ